አጎትህ ቢጠራህ አትምጣ

ልጄ ታዲዮስ፣ እመብርሃን በሰው አገር እናት ትሁንህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ገብሱም ከውርጭ ተርፏል። የምትጽፍልኝ እህትህ እፀገነት ናት፤ ቀኝ ክንዴ ተሰብሯል።

የወንድምህን መርዶ ከሰማህ ወዲህ ምግቡም ትምህርቱም እንዳስጠላህ ነገሩኝ። የገደለው የጎረቤታችን የአምባዬ ልጅ ታስሯል። አጎትህ ወዳጆ ግን እስሩ አልበቃውም። ማክሰኞ ጠመንጃውን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ተጋደምሁ።

«ደሙን ሳልመልስ ሰው ፊት አልቆምም» አለኝ።

«እንግዲያው እኔን ረግጠህ እለፍ» አልሁት።

ክንዴን በሰደፍ ሰብሮ አለፈ። አምባዬን አውድማው ላይ አገኘውና ጭኑን በጥይት መታው። ሮጬ ደርሼ በአንድ እጄና በጥርሴ ቁስሉን በነጠላዬ አሰርሁለት።

አምባዬ «ልጄ ልጅሽን ገድሎብሽ ሳለ?» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። በሕይወት አለ።

አጎትህ ሸፍቷል። «የቀረው የታዲዮስ ግዴታ ነው» እያለ ነው አሉ፤ ይደውልልህም ይሆናል። አትምጣ፣ ልጄ። ያንተ ግዴታ መብላት፣ መተኛትና መማር ነው። ወንድምህን ቀብሬያለሁ፤ አንተን አልቀብርም።

የአባቶችህ አምላክ ልብህን ያሳርፍልህ። ሲመችህ ደውልና ድምፅህን ብቻ አሰማኝ።

እናትህ ይዘንጋሽ