በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን

ለአባቴና ለአስተማሪዬ፤

ጤናህ እንደሚጠበቅ አልጠራጠርም፤ የምታምነው ልጅህ አጠገብህ ነው። እኔም አለሁ፤ ጉንፋን እንኳ አልደፈረኝም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ይቅር ብዬሻለሁ። የእናትሽ ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ» ትላለህ። ላላጠፋሁት ጥፋት የተሰጠ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? ለራስህ አስቀምጠው፤ ያስፈልግሃል።

እናቴ ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት «እኔ ላንሳት» ብዬ ለመንኩህ። «አንቺ በዚያ አሮጌ ካሜራ ብርሃን ስትለኪ ትውያለሽ። አውቶማቲኩ ካሜራ አይሳሳትም» ብለህ ለወንድሜ ሰጠኸው። እሱም «ፕሮፌሰሯ፣ አንቺ እስክትለኪ ፀሐይዋ ትጠልቃለች» ብሎ ሳቀብኝ። ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ትራስ፣ ከኋላዋ መስኮት። ማሽኑ ያን ሁሉ ነጭ አየና ብርሃን በዛ ብሎ ቀነሰ። የእናቴ ፊት ጥላሸት ሆኖ ወጣ። ፊልሙን ያጠብኩት እኔ ነበርኩና፣ ዘመድ ሁሉ በተቀመጠበት «እሷ ናት አጥባ ያበላሸችው» ብለህ ፊልም የምናጥብበትን የጨለማ ክፍል ቁልፍ ከእጄ ነጠቅኸኝ።

ያን ቀን ወደ ቆሻሻ የወረወርከውን ኔጋቲቭ ልኬልሃለሁ። መነጽርህን አድርግና ወደ መስኮት ያዘው። ፊቷ ያለበት ቦታ ብርሃን ስላልደረሰው ባዶ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሳያል። አሁን ጠርዙን እይ። ፋብሪካው ያተማቸው ቁጥሮች ጠቁረው ጥርት ብለዋል። እጥበቱ ቢበላሽ ኖሮ እነሱም ይደበዝዙ ነበር፤ ጥፋቱ የተሠራው ገና ስትነሳ ነው። ይህን ማን አስተማረኝ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ «ፊልም ሲበላሽ መጀመሪያ ጠርዙን ጠይቂ» ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን ግን አልጠየቅህም። ወይም ጠይቀህ መልሱን ደብቀሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሰባት ወር ጠበቅሁ፣ በአንተ በኩል አልነጋም።

ፎቶውማ አለኝ። ወንድሜ ባነሳት ማግስት፣ ሁለታችሁ ስትወጡ በአሮጌው ካሜራ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳኋት። የብርሃን መለኪያውን ጉንጯ ሥር፣ ግንባሯ ላይ እያስጠጋሁ ሳነብ «ምነው ልጄ፣ ቀሚስ ልትሰፊልኝ ነው?» አለችኝ። በራሷ ቀልድ ስትስቅ ነው የያዝኳት። የግንባሯ ጠባሳ ሳይቀር ይታያል።

አልልክልህም። በተከራየኋት ጠባብ ፎቶ ቤት፣ ከበሩ ትይዩ ሰቅያታለሁ። ማየት ከፈለግህ ና። ወንድሜ ያምጣህ፣ እሱ ግን ደጅ ይቁም። ከፊቷ ቆመህ «ልጅሽ አላበላሸችውም» ትላታለህ። ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ንገራት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ደረጃው አሥራ አራት ነው፤ ሦስተኛው እርከን ላልቷልና መደገፊያውን ይዘህ ውጣ፣ ጉልበትህን አደራ።

ዕድሜ ይስጥህ፤ ቢያንስ እዚህ እስክትደርስ።

ብርሃን መለካት ያስተማርካት
ሴት ልጅህ