የአዴ ጫልቱ እንቁላልና የእኔ ባትሪ

ሰኞ
ጣቴን ፈጀኝ! ከአሮጌ ላፕቶፕ ሴሎች ለቃቅሜ የሠራሁት ባትሪ የእንቁላል መፈልፈያዬን የመኪና አምፖሎች ትንሽ እንዳበራ ሽቦው ጋለ፤ ነቀልኩት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንቁላል ደግሞ የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ አደራ ነው። እርሻቸው ከተማውን ለማስፋት በወጣው ማስተር ፕላን ውስጥ ገብቷል ይባላል። "መሬቱ ከሄደ በዶሮ እኖራለሁ" ብለው ነው ያመጡት። እንቁላሉን በጋቢ ሸፍኜ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ዙሪያውን ደረደርኩ። ቢበላሽ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ማክሰኞ
ሌሊቱን ከባሌ ከደረጀ ጋር ተራ ገብተን ውሃ ስንቀይር አደርን። ጥፋቱ ገባኝ። ሞባይል ጠጋኝ አይደለሁ! ስልክ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስለለመድኩ ሴሎቹንም በሱ አያያዝኳቸው። የመኪና አምፖል እንደ ስልክ መሰለኝ እንዴ? ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል። መርካቶ እንዳልሄድ ዓለም ገና ላይ በተቃውሞው መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም። ቤቱ ሲሠራ የተረፈ የመዳብ ሽቦ ቆጥ ላይ አገኘሁ። እሰይ! ግን ሽቦ የምበይድበት የሊድ ማቅለጫዬ የሚሠራው በመብራት ነው። ደረጀ "ቤት ለቤት የሚዞሩት ፈታሾች ቢመጡ ይሄን ሽቦና ባትሪ ምን ነው ልትያቸው ነው?" አለ። እየሳቀ ነው፤ መጋረጃውን ግን ዘጋ።

ረቡዕ
ቆርቆሮ ሠሪዎች ባልዲ ሲበይዱ መብራት ይጠይቃሉ? ወፍራም የመዳብ ቁራጭ በጉጠት ይዤ ከሰል ላይ አጋልኩ። የሴሎቹን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ወፍራሙን ሽቦ ደረብኩበት። በጋለው መዳብ ነካ አደረግኩ፣ ሊዱ ፈሰሰ፣ ያዘ፣ አነሳሁ። ሴሉ ለብ እንኳ አላለም! በትንሿ ማቅለጫዬ ቢሆን ግን ቆይቼ ቆይቼ ሴሎቹን አበስላቸው ነበር። አምፖሉ በራ። ሽቦውን በጣቴ፣ ከዚያ በጉንጬ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ጎበዝ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል!

ሐሙስ
ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ይዞ አደረ። ከሰዓት መብራት መጣ። ከወደ ተፍኪ ተኩስ ተሰማ፤ ደረጀ ከቤት እንዳልወጣ ለመነኝ።

ቅዳሜ
ተፈለፈሉ! ጥቂቶቹ እንቢ አሉ፤ የቀሩት ግን ቤቱን በጩኸት አናጉት። አዴ ጫልቱ አንዷን በነጠላቸው ይዘው "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኑኝ። ከዚያም "መሬት ተሸክመው አይሄዱም፤ እነዚህን ግን እሸከማለሁ" አሉ። እንባዬ መጣ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው "ሌላ እንቁላል ላምጣ እንዴ?" አሉ።

"ያምጡ" አልኳቸው። መብራት ከፈለገ ይሂድ።