ከብት ቤት የነበረው ቤታችን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለደሴ፣ ካለህበት ሐዋሳ።

የጉና ብርድ ሳያግደው ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከብቶቹን ወደ አዲሱ በረት ካዛወርን ወዲህ አሥር ዓመት ባዶውን የቆመውን አሮጌውን የከብት ቤት አድሰን ገብተንበታል። ግድግዳውን ድርብ አድርገን በመሀሉ የገብስ ጭድ ጠቀጠቅንበት። ፀሐይ በምትገባበት በኩል ሰፊ የመስታወት መስኮት አለው፤ መብራታችን ከጣሪያው ሶላር ነው። ማገዶ በግማሽ ቀነሰልን። ልጆቼ ያለ ጋቢ ያጠናሉ፤ ከሐሙሲት የመጣ እንግዳ እንኳ ጃኬቱን አወለቀ።

አባዬም ደስ ብሏቸዋል፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማክሰኞ ከእርሻ ሲመለሱ በሬውን እየነዱ ሳሎን አስገቡት። የለመደ እግር ነው ብለን ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ኀሙስም አስገቡት። ያን ቀን በጠረጴዛው እግር አሰሩትና "ግርግሙን ማን ነቀለው?" አሉኝ። በሬውን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ምንጣፉን አጥቤዋለሁ፤ ምንም አልሆነም።

ለፋሲካ እንዳትቀር፤ መኝታህን ሙቀቱ ከሚበረታበት ግድግዳ ሥር አድርጌልሃለሁ። ስትገባ ግን ጉልበታቸውን ከመሳምህ በፊት "ደሴ ነኝ፣ ልጅዎ" በላቸው።

በጤና ያገናኘን።

እህትህ ማሬ