እማዬ ያሸነፈችበት የእንቅልፋሞች ቀን

ለውድ ወንድሜ ለኤሮ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጀርባህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ያጎብጥሃል? ሚስትህ፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ይህን ቃል ዘንድሮ ከልቤ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። አውስትራሊያ አሁን ብርድ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ግን ፀሐይዋ ከደሴታችን አልወርድም ብላለች፤ እንጆሪውም ደርሷል።

አባባን ባስታመመችባቸው ዓመታት እማዬ እሱን ልታገላብጥ፣ ውሃ ልታጠጣ ሌሊቱን ሙሉ ስትነሣ ስትተኛ እንደኖረች ታውቃለህ። እሱ ካረፈ በኋላም ሰውነቷ መነሣቱን አልተወም፤ እንቅልፍ አጣች። መድኃኒቱም፣ የቅጠላ ቅጠል ሻዩም አልረዳትም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ማንኪያ አንሥታ ለምን እንዳነሣችው ይጠፋታል። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ እንዲህ ከቀጠለች ልቧ አይችለውም ብሎኝ ነበር። አንተ በሩቅ አገር ሆነህ ምን ታደርጋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።

ባለፈው ሳምንት የእንቅልፋሞች ቀን ሆነ። አክስታችን ኬርቱ እንደ ልማዷ ልጄን ሳይሚን አስቀምጣ ታሪኩን ደገመችላት። ሰባቱ የኤፌሶን ወጣቶች ከክፉው ንጉሥ ሸሽተው ዋሻ ገቡ፤ ንጉሡ ዋሻውን ቢያስደፍንባቸው እግዚአብሔር እንቅልፍ ጣለባቸው፤ ዘመን አልፎ ሲነቁ አንዱ ዳቦ ልግዛ ብሎ ከተማ ቢወርድ ገንዘቡን የሚያውቅለት ሰው አጣ። እኛ እንግዲህ ከዚያ ቅዱስ ታሪክ ያስቀረነው ቀልዱን ነው። በዚያ ቀን ያረፈደ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፋም ይሆናል እያልን በውሃ እንቀሰቅሰዋለን፤ ከመንደሩ ሰው ሁሉ መጨረሻ የነቃው ደግሞ ባሕር ይወረወራል። ጎረቤታችን ኤንሲዮ ይህን ማዕረግ ለማንም አልሰጥም ካለ ስንት ዘመኑ።

ጠዋት ስነሣ እማዬ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ላይ የለችም። ከወፍ ቀድማ እዚያ የምትቀመጥ ሴት! ወደ መኝታ ቤቷ ሮጥኩ፤ ያሰብኩትን አንተም ብትሆን ታስበው ነበር። በሩን ገፋ አደረግኩት። ኤሮ፣ እያንኮራፋች ነበር። አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇን ከአልጋው አንጠልጥላ፣ ጡት ጠጥቶ እንደጠገበ ሕፃን። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሳይሚ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ከተፍ አለች፤ ደንብ ደንብ ነው ብላ። አክስታችን ኬርቱ፣ ያቺ ልማድ ሲጓደል የማትወደው፣ አምና በእንግድነት ያደረውን ቄስ ሳይቀር ያራሰችው፣ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። አንዲት ጠብታ ብታፈሺ ባሕር የምትገቢው አንቺ ነሽ አለቻት። ሳይሚም ግራ ገብቷት፣ ታዲያ አያቴ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፋም ልትሆን ነው? ብላ ጠየቀች።

«አሜን በዪ» አለቻት አክስታችን።

ይህን ጊዜ የመንደሩ ሰው ያልነቃውን ሊቀሰቅስ ድስትና ክዳን እያንኳኳ ሲመጣ ተሰማ። ባሌ ቬይኮ በባዶ እግሩ ሮጦ መንገድ ላይ አስቆማቸውና ነገሩን ነገራቸው። የእማዬን ጭንቅ የማያውቅ የለም። ክዳናቸውን በየብብታቸው ሸጉጠው፣ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ገብተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ኤንሲዮም ዓይኑን እያሸ መጣ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን ማዕረግ አንዲት ባልቴት ምንም ሳትለፋ ነጠቀችኝ እያለ በሹክሹክታ አማረረ። እንጆሪ እያዞርን ጠበቅን። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ነቃች ብለን ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። በመስኮቱ የመጣልን ማንኮራፋት ብቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

እማዬ በረንዳው ላይ ብቅ ስትል ቀኑ ተጋምሷል። የትራሱ ጥልፍ ጉንጯ ላይ ታትሟል። መንደሩ በሙሉ ግቢዋ ውስጥ ጸጥ ብሎ ሲጠብቃት ደነገጠች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አለቻት አክስታችን። «ከመንደሩ ሰው ሁሉ መጨረሻ የነቃሽው አንቺ ነሽ።»

እማዬ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፣ ከዚያ እኛን። ከዚያ ሳቀች፤ አባባ ከታመመ ወዲህ ያልሰማነውን ሳቅ። «ታዲያ ምን ይጎልታችኋል?» አለችን።

በወንበር ተሸክመን ጀልባ ወደሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ወሰድናት። ቬይኮ ለዕድሜዋ ሳስቶ ቀስ አድርገን እናውርዳት ቢል ተቆጣች፤ ኤንሲዮን እንደምትወረውሩት ወርውሩኝ አለች። ወረወርናት። ነጭ ጠጉሯ እስኪወጣ ድረስ የተነፈሰ ሰው የለም። ብቅ ብላ ውሃውን ተፋችና ጡጫዋን ወደ ላይ ስታነሣ፣ ታፍኖ የዋለው ድስትና ክዳን ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፤ የባሕር ወፎቹ ከደሴቱ ተነሥተው ሄዱ። ኤንሲዮ ለራሱ ያሠራውን የአበባ ጉንጉን አምጥቶ እርጥብ ራሷ ላይ ደፋላት።

ከዚያ ወዲህ ትተኛለች። አልፎ አልፎ ትነቃለች፤ ግን ተመልሳ ትተኛለች። ትናንት ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ፣ ምን ሰጣችኋት ቢለኝ ባሕር ነው የሰጠናት አልኩት።

ቬይኮ እጅ ይነሣሃል። ሳይሚ ናፍቆቷ ብዙ ነው። አክስታችን ኬርቱ ልጆችህን በየስማቸው እየጠራች ሳምልኝ ብላለች። ኤንሲዮም ሰላም ብሎሃል፣ ኩርፊያው ገና ባይለቀውም። የእማዬን ሰላምታ ግን በራሷ ቃል ልጽፍልህ አልቻልኩም፤ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች ነው፣ ማንም አይቀሰቅሳትም።

እህትህ ኦውቲ
ናንታሊ አጠገብ፣ ከደሴታችን
ኦገስት 2 ቀን 2016