ከጓዳ እስከ መጠመቂያው፦ የእናታችን የወይዘሮ መርፌ ሕይወት

ዛሬ በጸሎት የምንሸኛቸው እናታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ወይዘሮ መርፌ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። እናታቸው ፊደል ባይቆጥሩም የመቍጠሪያን ጸሎት በቃላቸው ያውቁ ነበር። ልጃቸውንም ያስተማሯቸው ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ እጃቸው ሳሙና እንደ ነካው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የካቶሊክ ሲስተሮች በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ኋላ መተዳደሪያቸው የሆነውንና «መርፌ» ያሰኛቸውን ስፌት የለመዱትም እዚያው ነው። በ1962 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታችን ጋር በቅዱስ ተክሊል ተጋቡ።

በ1964 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸውን ወለዱ። የክርስትና አባት የሚሆነው ሰው ከሩቅ አገር እስኪመጣ ጥምቀቱ ይቆይ ተባለ። ጥምቀቱ ቆየ፤ ሕፃኑ ግን አልቆየም። ትኩሳት ያዘውና ሳይጠመቅ አረፈ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል አንዲት አሮጊት፣ «ያልተጠመቀ ልጅ ከገነት ደጅ ይቀራል» ብለው እንደ ዋዛ ተናገሩ። የአጥቢያችን ቁምስና አባ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ሰጥታዋለች፤ አንቺም አደራ ስጪው ልጄ» ብለው አጽናንተዋቸው ነበር። ጆሯቸው የአባን ቃል ሰማ፤ ልባቸው ግን የአሮጊቷን ያዘ። ከዚያ በኋላ ፍርሃት የቤቱ ደባል ሆኖ ኖረ።

ቀጥሎ የወለዷቸውን ሦስት ልጆች ገና ዓይናቸውን በቅጡ ሳይገልጡ አስጠመቁ። ልጅ ከቤት ሲወጣ ግንባሩን በመስቀል ምልክት ሳያማትቡ አይለቁም። ሮጦ ያመለጠ ልጅ ካለ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ይከተሉታል። ማታ ማታ ጨርቁ ከስፌት መኪናው ላይ ይነሳና ቤተሰቡ ለመቍጠሪያ ይሰበሰባል። አባታችን ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያዞሩ ስለሚውሉ ጸሎቱ መሐል ያንቀላፉ ነበር። አንድ ቀን እናታችን በክርናቸው ነካ ቢያደርጓቸው፣ አሜን በማለት ፈንታ «ወራጅ አለ?» ብለው ባነኑ። እናታችን እንኳ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው የዚያን ቀን ጸሎት እንደ ምንም ተፈጸመ። አባታችን በ1994 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ወንበራቸው ከቦታው አልተነሳም።

በ2003 ዓ.ም. የመጨረሻው ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደ። ምራታቸው የሆቴል አልጋ አንጣፊ ስለነበረች፣ ሥራ ስትገባ ሕፃኗን ለእናታችን ትታ ትሄዳለች። የክርስትና እናት የምትሆነው የምራታቸው እኅት ፈቃድ እስክታገኝ ጥምቀቱ ይቆይ ተባለ። «ይቆይ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እናታችን መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ተዉት። ነገር ግን በልጅ ቤት ገብቶ ማዘዝ እንዳይሆንባቸው ብለው ዝም አሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሕፃኗ አፍንጫ ተዘጋና ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙ ተራ ጉንፋን ነው ብሎ መልሷት ነበር። እናታችን ግን ያዩት የበኩር ልጃቸውን ነበር። ለሞት በደረሰ ሰው ላይ ካልሆነ በቀር ማጥመቅ የካህን ሥራ መሆኑን ያውቃሉ። ቢያውቁም ሕፃኗን አቅፈው ጓዳ ገቡ፤ ልብስ ሲተኩሱ ጨርቅ ከሚያርሱበት ብርጭቆ ውሃ በራሷ ላይ አፈሰሱና በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቋት። ሕፃኗ አስነጠሰች፤ አፍንጫዋ ተከፈተ። ደህና ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ሲያስታውሱ፣ «እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም» ይሉ ነበር። ጥምቀት አይደገምም። ዝም ካሉ ልጅቷ ዳግም ተጠምቃ ቅዱሱን ምስጢር ሊያስደፍሩ ነው። ከተናገሩ ደግሞ ልጅቷን ከእጃቸው ሊያጡ ነው። የጥምቀቱን ነጭ ቀሚስ የሰፉት እርሳቸው ነበሩ፤ በሰው ልብስ ላይ አንድ ስፌት አዛብተው የማያውቁት ሴት እጅጌውን ደጋግመው ፈቱት። ለኑዛዜ ሰልፍ ይይዙና ተራቸው ሲቀርብ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በጥምቀቱ ዕለት ምራታቸው የሕፃኗን ራስ ገለጠች። አባም ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

«አባ፣ አያፍስሱ!» አሉ እናታችን።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ውሃ አግኝታለች።»

«ከየት አግኝታ?»

«ከጓዳ።»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ አባ ቀና ብለው ሲያዩት ዝም አለ። ውሃው ምን ዓይነት እንደ ነበረ፣ ሲያፈሱም ምን እንዳሉ ጠየቋቸው። እናታችን ቃል በቃል ተናገሩ። «እንግዲያስ ተጠምቃለች» አሉ አባ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና ሜሮን ቀብተው፣ ነጩን ቀሚስ አልብሰው፣ ሻማውን አብርተው የቀረውን ሥርዓት ፈጸሙ።

ምራታቸው አልጮኸችም። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ «አምኜ ነው ልጄን ጥዬልዎት የሄድኩት። ሳልኖር ሌላስ ምን አድርገውባታል?» አለቻቸው። ከማግስቱ ጀምሮ ሕፃኗ ጎረቤት ትውል ጀመር።

የፈሩት ደረሰ። ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ስፌታቸውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱና ደጁ ላይ ቆሙ። ምራታቸው ይግቡ አላለችም፤ እርሳቸውም አልገቡም።

«ፈርቼ ነው፤ መፍራቴ ግን ልጅሽን የእኔ አያደርጋትም» አሉ። ከዚያም ለልጆቻቸው እንኳ በቅጡ ያላወሩትን የበኩር ልጃቸውን ነገር እዚያው ቆመው ነገሯት።

«እማማ፣ ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ በማግስቱ እናስጠምቃት ነበር እኮ» አለች ምራታቸው።

«ይህን መች አወቅሁ ልጄ!» አሉና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ልጅቷ ወዲያው አልተመለሰችም። ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ከእናቷ ጋር፣ ኋላም ብቻዋን መጣች። በቤቱም አዲስ ልማድ ተጀመረ፤ ከመቍጠሪያው በፊት እያንዳንዱ የፈራውን ጮክ ብሎ ይናገራል። አንዱ ፈተናን፣ አንዱ አለቃውን፣ ሌላው የሐኪም ውጤትን ይላል። እናታችን ግን ሁልጊዜም ከሁሉ ይበልጥ ረጅም ዝርዝር ነበራቸው። የልጅ ልጃቸው፣ «አያቴ ዛሬ ከደመናው በቀር ሁሉንም ፈርታለች» ብላ ስትቀልድ፣ «ደመናውንም ጨምሪው» ይሏት ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ታመመ። ሐኪም ቤት ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው በራሳቸው ልመና ወደ ቤት ተመለሱ፤ ምስጢረ ቀንዲልና ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ፍርሃታቸው ጨርሶ ለቀቃቸው ብለን አንዋሽም። በመጨረሻው ጸሎታቸው ተራቸው ሲደርስ፣ «የእኔ ድምፅ ሲጎድል እንዳትተዉት ፈራሁ» አሉ። ምራታቸው መቍጠሪያውን አንስታ ጸሎቱን ጀመረች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ልጆቻቸው በአልጋቸው ዙሪያ እንዳሉ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሦስት ልጆቻቸው፣ ሁለት ምራቶቻቸው፣ አንድ አማቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቆመናል። እንደ ቤታችን ልማድ እኛም ዛሬ የፈራነውን እንናገር፦ ወደዚያ ቤት መመለሱን ፈርተናል። ቢሆንም ዛሬ ማታ ተሰብስበን እንጸልያለን።

ጌታ ሆይ፣ እየፈሩ የወደዱንን እናታችንን ፍርሃት በሌለበት ቤትህ ተቀበልልን፤ በኩር ልጃቸውንም በእቅፋቸው አኑርላቸው። አሜን።