ዋጋ ያልተከራከረችው ገዢ

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ ወንድሜ ለጋሼ ጀላሉ፣ ጆሃንስበርግ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ሳያባራ የጻፍኩት ሰላምታ እርጥብ እንዳለ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የወገብዎ ሕመም ለቀቅ አደረገዎት? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? ስለዚያ አገር ረብሻ በሰማን ቁጥር እማዬ ምግብ አይወርድላትም። እሷ ደህና ናት። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ተቆጣሁ እንጂ አልታመምኩም።

በወረቀት የመጣሁት በስልክ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ስለሚያቋርጡኝ ነው። እማዬን ያንን የሰላይ መጽሐፍ ከጨርቅ ሱቃችን አውጪባት፣ ባል ያሳጣታል እንዳሏት ሰምቻለሁ። አላወጣችም። እኔ እንዲያውም ጨምሬበታለሁ። መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋሽ ወልደ ማርያም እውነተኛ የስለላ ታሪክ ሲገባላቸው ለእኔ ያስቀምጣሉ። በቅርቡ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ አንድ መጽሐፍና በኦሮምኛ የተጻፈ የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ጥሩ ናቸው፣ ግን እንደ ስለላው እንቅልፍ አይነሱም። ሰው ሲዋሽ እጁን የት እንደሚያስገባው የሚያስተምር ሌላ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ግራ ጆሮዬ በልጅነቴ ከታመመ ወዲህ ሰው በዚያ በኩል ሲያወራኝ ፈገግ ብዬ እንደማልፍ ያውቃሉ። ይህን የምናውቀው እማዬ፣ እርስዎና እኔ ብቻ ነን፤ ለባዳ እንዳይነገር ያዘዙትም እርስዎ ነዎት። መጽሐፍ ውስጥ ግን ማንም በየትኛውም ጎኔ ቢያወራ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ይህ ደስታ የሚያሳፍር ከሆነ ልፈር።

አሁን ወደ ነገሩ። ከኢድ በኋላ በገበያ ቀን አንዲት ሴትዮ ከሁሩሙ መጣሁ ብለው የመጋረጃ ጨርቅ አስወረዱኝ። በግራዬ ወንበር እያለላቸው ዞረው በቀኜ ቆሙ። ዋጋ ስነግራቸው እሺ አሉ። ጋሼ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ከሁሩሙ ድረስ መጥቶ የማይከራከር ገዢ አይተው ያውቃሉ? ይልቅ ሶላት በሰዓቱ እሰግድ እንደሆነ፣ አባታችን በምን እንደሞተ ጠየቁኝ። ጨርቁንም አልገዙም።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጡ፤ አሁንም በቀኜ። መጀመሪያ መጋረጃው ለልጃቸው ቤት ነበር፣ አሁን ለእህታቸው ሆነ። ባነበብኳቸው ታሪኮች ሰላይ የሚያዘው የራሱን ውሸት ሲረሳ ነው። ውሃ አቀረብኩላቸውና ስለ መስኮቱ ስፋት፣ ስለ ግድግዳው ቀለም አጥብቄ ጠየቅኋቸው። መያዛቸው ሲገባቸው ሳቁ። እጄን ይዘው፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ አልዋሽሽም አሉና ሊያገባኝ ያሰበው የሁሩሙ ማር ነጋዴ፣ የኢርሻድ አክስት ዱንያ መሆናቸውን፣ ሽማግሌ ሳይላክ ሊያዩኝ መምጣታቸውን ነገሩኝ። በቀኜ ለምን እንደሚቆሙ አልጠየቅኳቸውም። ማን እንደነገራቸው ገብቶኛል። ሲወጡ አለቀስኩ። ማስጠናቱ ወግ ነው፣ አይከፋኝም። የከፋኝ እርስዎ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ መሆንዎ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ለእማዬ ነግሬ በሚኒባስ ሁሩሙ ሄድኩ። ኢርሻድን ከማር ባልዲዎቹ መሐል አገኘሁት። እንደ አክስቱ ገዢ አልመሰልኩም። ሲሃም እባላለሁ፣ ግራ ጆሮዬ አይሰማም፣ መጽሐፍ አነባለሁ፣ የቀረህን እኔኑ ጠይቀኝ አልኩት። ደንግጦ ቁጭ በይ ማለት እንኳ ረሳ። ኋላ መጽሐፍ ማንበብ ታቁም የሚል ቃል ከእሱም ከአክስቱም አፍ እንዳልወጣ ማለልኝ። ማንም ሳይጠይቀው ማንበቡን አስተዋታለሁ ብሎ ቃል የገባው ወንድምሽ ነው አለኝ።

ጋሼ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ወሊዬ እርስዎ ነዎት፤ ኒካሁ ያለ እርስዎ አይታሰርም። ያለ እኔም አይታሰርም። ኢርሻድ ክፉ ሰው አልመሰለኝም፤ ሽማግሌ ግን አሁን እንዳይልክ ነግሬው መጥቻለሁ። መጀመሪያ እርስዎ ለአክስቱ ይደውሉና እህቴ ታነባለች፣ ወደፊትም ታነባለች፣ ቃል የገባሁት በማላዝበት ነው ይበሏቸው። ካልደወሉ መልሴ እምቢ ነው። ቢቆጡም ይቆጡ። እወድዎታለሁ፤ ባልወድዎት ዝም እልዎት ነበር።

ባለቤትዎን ሻሚን በጣም ናፍቄአታለሁ ይበሉልኝ። እማዬ ዱዓዋ አይለያችሁም። ጎረቤታችን እትዬ ሙላቷም በዚህ ዝናብ እቤት ድረስ መጥተው ሰላም በይልኝ ብለዋል። ልጅዎን ራኒያን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ፊደል ጨረሰች ሲባል ሰምቼ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልዎት መልእክተኛ እጅ አንድ የስለላ መጽሐፍ ልኬላታለሁ። ገና ልጅ ናትና ንባቧ እስኪጎለብት ድረስ እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያንብቡላት።

እህትዎ ሲሃም
መቱ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.