ጠበልና ኪኒን

ይድረስ ለልጄ ለስርጉት። በሰው አገር የምትሠሪበትን እጅሽን መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልኝ። ቢቸና ደህና ነው፤ ጤፉ ተወቅቷል፣ ጥቁሯ ላምም ወልዳለች። ደህና ያልሆነው ወንድምሽ ቢያድግልኝ ነው፤ ለዚህ ያደረስሽውም አንቺ ነሽ።

በስልክ "ጠበልና ኪኒን አይቀላቀልም፤ እምነት ካለህ ተወው" አልሽው አይደል? እሱ ደግሞ የእህቱን ቃል አይጥልም። በፍልሰታ ሱባኤ ገባና የቫይረሱን ኪኒን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከጥምቀት ወዲህ እግሩ አብጦ፣ ደጅ ወጥቶ ሳይመለስ ትንፋሹ ይቆረጥ ጀመር። ሞጣ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ "መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ሰውነቱ መከላከል አቃተው፤ ቲቢ ልቡን የሸፈነው ከረጢት ውስጥ ገብቶ ውሃ ሞልቶበታል" አለኝ። በመርፌ ሲቀዱለት በዓይኔ አየሁ። ልጄ ልቡ በውሃ ታፍኖ፣ እኛ ከላይ ሌላ ውሃ እናፈስበት ነበር!

የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሰንበት ሲሰሙ ጮኹ። "ኪኒኑን በጠበሉ ዋጠው ብዬው አልነበር? ማነው የከለከለው?" አሉ። ስምሽን መጥራት አፈርኩ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ከእሳቸው በልጠሽ የምትገዝቺው?

አሁን የቲቢውንም የቫይረሱንም መድኃኒት እንዲውጥ ታዟል። እሱ ግን "ስርጉት ምን ትለኛለች" እያለ ዞር ስል ይተፋብኛል።

እባክሽ ልጄ፣ ዛሬውኑ ደውይና በዚያው ባስተውሽው አፍሽ "ዋጥ" በይው። እመቤቴ በሰላም ለአገርሽ ታብቃሽ። የእሱን ልብ ሐኪም ይዞልኛል፤ አንቺም ልብ ግዢ።

እናትሽ ፈንታነሽ